ስውር ታሳቢ

በመንዝ ጓሳ የሣርና የግጦሽ መብት በዘር ሐረግ ይቆጠር በነበረበት ዘመን አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ተከራከረ እንበል፦ «የአስቦ ዘር ነኝ፤ ስለዚህ ነገ ከጓሳው ሣር ማጨድ እችላለሁ።» በአካባቢው ትውፊት ጓሳውን የከለሉት አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ናቸው፤ ወሰናቸውንም በፈረስ ግልቢያ ለዩ ይባላል። የሰውየው መነሻ ታዲያ ጠንካራ ነው። ግን ጓሳው ሁልጊዜ ክፍት አልነበረም። ሣሩ እንዲያገግም አንዳንዴ ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋ ነበር። ሰውየው «ነገ ጓሳው ክፍት ነው» አላለም፤ መደምደሚያው ግን ያለዚህ ሐሳብ አይቆምም።

ሳይነገር የታለፈውን፣ መደምደሚያው እንዲጸና ግን የግድ እውነት መሆን ያለበትን ሐሳብ የእንግሊዝኛው የአመክንዮ ትምህርት «አሰምፕሽን» ይለዋል። በአማርኛ «ስውር ታሳቢ» ቢባል ይስማማል። «ግምት» የሚለው ቃል ቀርቦ ነበር፤ ለሕግ ተማሪ ግን ያምታታል። በኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ «የሕግ ግምት» ሌላ ሥራ ይዟል፤ በጋብቻ ውስጥ የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው ሲባል ግምቱን ሕጉ ራሱ በግልጽ ጽፎታል። ስውር ታሳቢ የሚጽፈው የለም። ከሰምና ወርቅም ይለያል፦ ባለቅኔው ወርቁን አውቆ ይሰውራል፣ ተከራካሪ ግን ብዙ ጊዜ የራሱን ታሳቢ አያየውም።

ቃሉ በብዛት የሚፈለገው ለአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና፣ ለኤልሳት፣ በሚዘጋጁ ሰዎች ዘንድ ነው። ፈተናው በ1940 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ነጥቡ ከ120 እስከ 180 ነው። ከነሐሴ 2016 ዓ.ም. ወዲህ «የአመክንዮ ጨዋታ» ይባል የነበረው ክፍል ቀርቷል፤ ነጥብ ከሚያዝባቸው ሦስት ክፍሎች ሁለቱ የአመክንዮ ጥያቄዎች ናቸው፣ ለእያንዳንዳቸውም 35 ደቂቃ ይሰጣል። ጥያቄው አጭር ክርክር ያቀርብና አምስት አማራጭ ይደረድራል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሕግ ለመማር እንዲህ ያለ የተለየ ፈተና የለም። ተማሪው በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤቱ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ቢሆንም በዚያው ፈተና ያለው የአፕቲቲዩድ ወረቀት ተመሳሳይ ጥያቄዎችን ያነሣል፤ የዩኒቨርሲቲ ጀማሪዎችም «ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ» የሚባል ኮርስ ይወስዳሉ። ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ተነሥቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ ሐሳቡን የሚያገኘው እዚያ ነው።

ስውር ታሳቢን ለማግኘት ዋናው ዘዴ መካድ ነው። አማራጩን አፍርሶ ማየት፤ መደምደሚያው አብሮ ከፈረሰ የተፈለገው እሱ ነው። «ነገ ጓሳው ክፍት ነው» የሚለውን እንካደው፦ «ነገ ጓሳው ዝግ ነው።» አጨዳው ቀረ። አሁን ደግሞ ብዙ ተፈታኝ የሚወድቅበትን አማራጭ እንይ፦ «የአስቦ ዘር ሁሉ በፈለገው ቀን ማጨድ ይችላል።» ይህ እውነት ቢሆን ሰውየው በእርግጥ ይረታ ነበር። ሲካድ ግን «አንዳንዱ የአስቦ ዘር በአንዳንድ ቀን ማጨድ አይችልም» ይሆናል፣ የእኛ ሰው ከነዚያ ላይሆን፣ ነገም ከዝግ ቀኖች ላይሆን ይችላል። አማራጩ በቂ ነው እንጂ አስፈላጊ አይደለም። «ሁሉ»፣ «ብቻ»፣ «ፈጽሞ» የሚሉ ቃላት ጥርጣሬ የሚያሻቸው ለዚህ ነው፤ የጥያቄው አረፍተ ነገር «በቂ» እያለ ከጠየቀ ግን ያው ኃይለኛ አማራጭ ትክክል ሊሆን ይችላል።

ስውሩ ታሳቢ ሐሰት ሲሆን ደግሞ ጥያቄው «የክርክሩ ጉድለት ምንድን ነው?» ወደሚለው ይዞራል። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ሥርዓት እስኪያፈርስ ድረስ ምሳሌው በየችሎቱ ነበር። «አባቱ ከዚህ ዘር አይወለድም፤ ስለዚህ እዚህ ርስት የለውም» ያለ ባላጋራ ርስት በአባት ብቻ እንደሚመጣ ቆጥሯል። በመንዝ ግን ርስት በእናትም ይቆጠር ነበር፤ ተከሳሹ በእናቱ በኩል ትውልዱን ቆጥሮ ከአቅኚው አባት ካደረሰ የባላጋራው ክርክር ይወድቃል።