በሰው ፈቃድ ላይ የቆመ ኑሮ

የሮማ ሕግ አዋቂዎች ስለ መሬት ይዞታ ሲጽፉ አንድ ዓይነት ባለይዞታን ለብቻው አውጥተው ያዩት ነበር። ሰውየው መሬት የለውም። ባለጸጋ ዘንድ ሄዶ ይለምናል፤ ባለጸጋውም «እሺ፣ እረስ» ይለዋል። የጊዜ ገደብ አይቆረጥም፣ የሚያስር ውል አይገባም። ለማኙ ጎጆውን ይቀልሳል፣ ወይኑን ይተክላል፣ ልጆቹን ያሳድጋል። ሰጪው ባሻው ቀን «ውጣ» ካለው ግን መውጣት ነው። ይህን ይዞታ ፕሪካሪየም ይሉታል፤ ስሙ ከልመና የመጣ ነው። በአፄ ዩስጢንያኖስ ትእዛዝ ተጠናቅሮ በ533 በወጣው ታላቅ የሕግ ስብስብ ውስጥ ራሱን የቻለ ርእስ አለው። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልተባለለት ዘመን ሁሉ የአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ሕጉ ለለማኙ ያደረገለትና የነፈገው ነገር ጎን ለጎን ሲታይ ያስደንቃል። ጎረቤት ወይም አላፊ አግዳሚ መጥቶ ቢያፈናቅለው ዳኛ ይደርስለታል። ያፈናቀለው ሰጪው ራሱ ከሆነ ግን የሚሰማው ችሎት የለም።

እንግሊዞች ፕሪኬሪየስ የሚለውን ቃላቸውን ያገኙት ከዚሁ ሥር ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ የጠበቆች ቃል ነበር፤ በሌላ ሰው መልካም ፈቃድ የተያዘ ነገርን ያመለክታል። ብዙም ሳይቆይ ሊወድቅ ያጋደለ ግድግዳም፣ የሚያሰጋ ሰላምም፣ የማያስተማምን ጤናም በዚሁ ቃል ይጠሩ ጀመር። የመዝገበ ቃላት አዘጋጁ ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው ሥራው በዚህ ተቆጥቷል። ሰዎች ቃሉን ለማናቸውም እርግጠኛ ላልሆነ ነገር ያውሉታል፤ ትክክለኛ ፍቺው ግን በሌላ ሰው ላይ ጥገኛ ከመሆን የሚመጣ አለመረጋጋት ብቻ ነው ሲል ጽፏል።

ቁጣው የቋንቋ ጠባቂ ቁጣ ብቻ ይመስላል። እኔ ግን ጆንሰን የያዘው ልዩነት ስለ ድህነት ከተጻፉ ብዙ ወፍራም መጻሕፍት ይልቅ ነገሩን ያጠራዋል ብዬ አምናለሁ። ዝናብ የሚያሰጋው ገበሬና ባለርስት የሚያሰጋው ገበሬ ሁለቱም እንቅልፍ ያጣሉ። የመጀመሪያው ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል፤ ሁለተኛው የሰው ፊት ያያል። የሰው ፊት ደግሞ እሳት ነው። የእነዚህ ሁለት ስጋቶች መድኃኒታቸው የተለያየ ነው፤ ሁለተኛውን በመጀመሪያው ስም መጥራት የጀመርን ዕለት መድኃኒቱን መፈለግም ይቀራል።

ከሮማ በኋላ ልመናው ወደ ቤተ ክርስቲያን መሬት ተሻገረ። በ8ኛው ክፍለ ዘመን የፍራንኮች ገዥ ሻርል ማርቴል የገዳማትንና የአድባራትን መሬት እየወሰደ ለፈረሰኞቹ አደለ። በ743 በእስቲን የተሰበሰበው ጉባኤ ነገሩን ሊያስታርቅ ሞከረ። መሬቱ የቤተ ክርስቲያን ይባል፤ ወታደሩ በልመና እንደያዘው ይቆጠር፤ በየዓመቱም በአባወራ አንድ ሶሊዱስ ገንዘብ ይክፈል ተባለ። ወረቀቱ ላይ ፈረሰኛው ለማኝ ነው። ፈረስና ሰይፍ ያለውን ለማኝ ግን የትኛው አበምኔት ያስወጣዋል? በአንድ ዓይነት ሰነድ ደካማው ሲባረር ብርቱው ርስት ይተክልበታል።

ሁለቱ ስጋቶች ተደራርበው ሕዝብ የፈጁባት አገር አየርላንድ ናት። በ1845 የድንች በሽታ ገባ፤ ይህ ከሰማይ የመጣ መዓት ነበር። አብዛኛው አራሽ ግን መሬቱን የያዘው ባለርስቱ እስከፈቀደለት ድረስ ብቻ ስለነበር፣ ኪራይ ሲያቅተው በረኀብ ላይ ከቤቱ ተባረረ፤ ጣሪያውም እንዳይመለስበት ፈረሰ። ይህኛው ከሰማይ አልመጣም። በልጅነቱ ቤተሰቡ ከማዮ አውራጃ የተፈናቀለበት ማይክል ዳቪት በ1879 የመሬት ማኅበሩን ሲያቋቁም ሰዎቹ የጠየቁት ዝናብ ወይም ምጽዋት አልነበረም። ፍትሐዊ ኪራይ፣ ኪራዩን እስከከፈሉ ድረስ አለመነሳት፣ ሲለቁም ያለሙበትን መብት መሸጥ፤ ጥያቄያቸው እነዚህ ሦስት ነበሩ። በ1881 የወጣው የመሬት ሕግ ሦስቱንም ተቀበለ።

የእኛን ጭሰኛ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ታሪክ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በደቡቡ የአገራችን ክፍል ሲሶ ወይም እኩል እያካፈለ የሚያርሰው ጭሰኛ በአብዛኛው የጽሑፍ ውል አልነበረውም። የያዘው የባለርስቱን ቃል ነበር። ቃሉ እስከጸና ድረስ አባት ያረሰውን ልጅ ያርሰዋል። ቃሉ የተፈተነው በአርሲ ጭላሎ ነው። በ1967 (በእኛ 1960 ዓ.ም. ገደማ) በስዊድን እርዳታ የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ለአነስተኛው ገበሬ ታስቦ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር አመጣ። ምርቱም አደገ። ያን ጊዜ ባለርስቶቹ መሬታቸው በትራክተር ቢታረስ የሚያስገኘውን ትርፍ አሰሉ፤ ጭሰኛው ተነሳ። ልማቱ ያፈናቀለው ክፉ ሰዎች ስለመሩት አይደለም። በሰው ፈቃድ ላይ የቆመ ኑሮ መሬቱ ዋጋ ባወጣ ማግስት ስለሚፈርስ ነው።

ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ የወጡት ከዚያ ቀደም ሲል፣ በየካቲት 1957 ዓ.ም. ነበር። የጭሰኛውንና የባለርስቱን ግንኙነት የሚገዛ ረቂቅ ሕግ ፓርላማ ገብቶ ሲንከባለል ቆየ፤ አብዛኞቹ የሕዝብ እንደራሴዎች ራሳቸው ባለመሬት ነበሩና አልጸደቀም። በመጨረሻ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 ጭሰኝነትን ከነስሙ ሻረው። በእኔ እምነት ያ አዋጅ የሚሊዮኖችን አንገት ቀና አድርጓል። ዳሩ ግን ገበሬው የሰው ፊት ከማየት ፈጽሞ አልዳነም፤ ፊቱን ከባለርስቱ ወደ ገበሬ ማኅበርና ወደ ቀበሌ አዞረ። ድልድል በመጣ ቁጥር ማሳው እንዳይሸራረፍበት ይሰጋ ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ትግራይ ቀድማ፣ አማራና ሌሎች ክልሎች ተከትለው የይዞታ ደብተር መስጠት ሲጀምሩ ገበሬው ደብተሩን በሣጥን ቆልፎ ያስቀመጠው ለዚህ ነው።

ከመሬት ወደ ቀን ሥራ እንሻገር።

ጋዜጠኛው ሄንሪ ሜይሂው በ1849 የለንደንን ወደብ በር በማለዳ ሄዶ አየና ጻፈ። በመቶ የሚቆጠሩ ወንዶች ከበሩ ፊት ተፋፍገው ይቆማሉ። ካቦው ብቅ ሲል ግፊያው ይጀመራል፤ እንዲታይ ብሎ ከፊቱ ባለው ሰው ጀርባ ላይ የሚዘልም አለ። እጅ እየተወረወረ፣ የካቦው ስም እየተጠራ፣ ጥቂቱ ይገባል፤ ብዙው ይመለሳል። ሜይሂው ሌላም ነገር አስተዋለ። ነፋሱ ከምሥራቅ ከነፈሰ መርከቦች ወደ ወንዙ መግባት ስለማይችሉ በሺህ የሚቆጠር ቤተሰብ በነፋስ ምክንያት ጦሙን ያድራል።

ለብዙ ዓመታት የወደቦቹ ባለቤቶች መልስ ይኸው ነፋስ ነበር። መርከብ ሲመጣ እንቀጥራለን፣ ሳይመጣ አንቀጥርም፤ ባሕርን ማን ያዝዛል? መልሱ ግማሽ እውነት ነው። ነፋሱ መርከቡን ያዘገያል እንጂ የአምስት መቶ ሰው ሥራ ባለበት በር ላይ ሺህ ሰው አያቆምም። ሺህ ሰው የሚቆመው ካቦው የፈለገውን መርጦ ለአንድ ሰዓት ቀጥሮ ማሰናበት ስለሚችል ነው። የተራበ ሰው ተርፎ መቆሙ ዋጋ ያወርዳል፤ ለዕረፍት ሰዓት መክፈልንም ያስቀራል።

ነሐሴ 14 ቀን 1889 የለንደን ወደብ ጫኝና አውራጆች ሥራ አቆሙ። ቤን ቲሌት፣ ቶም ማንና ጆን በርንስ መሯቸው። ጥያቄያቸው ክፍያቸው በሰዓት ከአምስት ፔንስ ወደ ስድስት ከፍ እንዲል፣ የተጠራ ሰውም ቢያንስ የአራት ሰዓት ሥራ እንዲሰጠው ነበር። ሁለተኛው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል፤ የበለጠው ግን እሱ ነው። በር ላይ የሚጠብቅ ሰው ጊዜ ዋጋ አለው፣ የመጠበቁ ወጪም በእሱ ላይ ብቻ አይውደቅ ማለት ነው። ረኀብ ሊያንበረክካቸው ሲል ከአውስትራሊያ ሠራተኞችና ወዳጆች ከ30,000 ፓውንድ በላይ ደረሰላቸው። ካርዲናል ማኒንግ አስታረቁ፤ አምስት ሳምንት ገደማ ታግለው ስድስት ፔንሱን አገኙ።

የማለዳው መጠራት ግን ቀጠለ። በሕግ የተገታው በ1947 የመጣው ሥርዓት የወደብ ሠራተኞችን መዝግቦ፣ ለሥራ ቀርቦ ሥራ ያላገኘም ክፍያ እንዲያገኝ ሲያደርግ ነው። የማርጋሬት ታቸር መንግሥት ይህን ሥርዓት የሰረዘው በ1989 ነው። ከስድስት ፔንሱ ድል ልክ አንድ መቶ ዓመት።

በዚያው ዘመን ፈረንሳዊው የኅብረተሰብ ተመራማሪ ፒየር ቡርድዩ የቆየ ትዝብቱን ወደ አገሩ ይዞ መጣ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአልጄሪያ ከተሞች ቋሚ ሥራ የሌላቸውን ሰዎች ሲያጠና ያየው፣ ዛሬውን መጨበጥ ያልቻለ ሰው ነገን ማሰብ እንደሚያቅተው ነበር። ልጄን ምን ላስተምር፣ ለመቼ ልቆጥብ፣ ከማን ጋር ተደራጅቼ ልጠይቅ የሚሉ ጥያቄዎች የሚነሱት ከእግር በታች ጥቂት መሬት ሲኖር ነው። በታኅሣሥ 1997 ግሬኖብል ላይ ባደረገው ንግግር ይህ ሁኔታ አሁን በየቦታው ነው አለ። በሚላኖ የሚኖሩ የጊዜያዊ ሥራ ወጣቶች ደግሞ የካቲት 29 ቀን 2004 ለራሳቸው ጠባቂ ቅዱስ ፈጥረው ሳን ፕሪካሪዮ ብለው ሰየሙት፤ በዓሉንም በአራት ዓመት አንዴ በሚመጣው ቀን ላይ አደረጉ። ፈረንሳይ በ2006 ከ26 ዓመት በታች ያለን ወጣት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ያለ ምክንያት ማሰናበት የሚፈቅድ የቅጥር ውል ብታውጅ አደባባዩ ሞላ፤ መንግሥትም በሚያዝያ ወር ውሉን ሰረዘ። ጃፓን ውስጥ በ2008 መጨረሻ በኤጀንሲ ተቀጥረው የሚሠሩ የፋብሪካ ሠራተኞች ሲባረሩ ከድርጅቱ መኝታ ቤትም አብረው ወጡ። ቶኪዮ መሐል በሂቢያ መናፈሻ ድንኳን ተተክሎላቸው አዲሱን ዓመት እዚያ ተቀበሉ። ሥራና መጠለያ በአንድ ሰው እጅ ሲሆኑ አንድ ቃል ሁለቱንም ይወስዳል።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ይህን በሌላ መልኩ ያውቁታል። ከሞንታና በቀር በሁሉም ግዛት መነሻው ሕግ አሠሪ ያለ ምክንያት ማሰናበት ይችላል የሚለው ነው፤ ሞንታና በ1987 ባወጣችው ሕግ ተለይታለች። በዋሽንግተንና በሌሎች ከተሞች በመተግበሪያ የሚሠራው ሾፌር ደግሞ ካቦውን እንኳ አያየውም። መኪናው የራሱ፣ ነዳጁ የራሱ፣ ዕዳው የራሱ ነው፤ አንድ ማለዳ «አካውንትህ ተዘግቷል» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በየካቲት 19 ቀን 2021 በኡበር ጉዳይ ሲፈርድ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ትቶ የማን ቃል እንደሚሠራ ጠየቀ። ዋጋውን የሚወስነው ማን ነው? ውሉንስ ማን ጻፈው? ድርጅቱ ነው። ስለዚህ ሾፌሮቹ በሕግ የተወሰነው ዝቅተኛ ደመወዝና የዓመት ፈቃድ የሚገባቸው ሠራተኞች ናቸው ብሎ ወሰነ። በለንደን ወደብ በር ላይ የተነሣውን የአራት ሰዓት ጥያቄ የሚያውቅ ሰው ውሳኔውን ሲያነብ አዲስ አይሆንበትም።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን የእህቶቻችን ነው። «ኮንትራት» ብላ ወደ ዓረብ አገር የሄደች ልጅ በከፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ የታሰረው በከፊሏ፣ ማለትም ባስመጣት አሠሪ፣ ስም ነው። ደመወዟ፣ መኝታዋ፣ ኢቃማዋ (የመኖሪያ ወረቀቷ)፣ ብዙ ጊዜም ፓስፖርቷ በአንድ ቤተሰብ እጅ ናቸው። ከዚያ ቤት በወጣች ቅጽበት ሕገ ወጥ ትሆናለች። የሮማው ለማኝ እንኳ ቢባረር አገሩ ውስጥ ነበር። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2013 ሕገ ወጥ ባለቻቸው የውጭ ሠራተኞች ላይ ባካሄደችው ዘመቻ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ተመለሱ። በሰኔ 2020 የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በመኪና እያመጡ ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጣሏቸው፤ ልጆቹ ከነሻንጣቸው አስፋልት ላይ አደሩ። ያን ጊዜ ብዙዎች ወረርሽኙንና የምንዛሪውን ቀውስ ወቀሱ። ቀውሱ ነፋሱ ነበር፤ በሩን የሠራው ከፋላ ነው።

ማሻሻያዎች መጥተዋል። ቀጠር በ2020 ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ እንዲቀይር ፈቀደች፤ የቤት ሠራተኞችንም ጨመረች። ሳዑዲ በመጋቢት 2021 ያወጣችው ማሻሻያ ግን የቤት ሠራተኞችን ሳይጨምር ቀረ። የዓለም የሥራ ድርጅት በ2011 ያጸደቀው የቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189 ለእነሱ እንደማንኛውም ሠራተኛ የሥራ ሰዓት፣ ዕረፍትና በግልጽ የታወቀ ውል ይገባቸዋል ይላል።

ይህን ለዓረብ አገር ስንጠይቅ የራሳችንንም ቤት እንክፈት። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዓ.ም. ለፋብሪካ ሠራተኛ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ወስኖ፣ ከዚያ በኋላ ያለ በቂ ምክንያት እንዳይሰናበት ይጠብቀዋል፤ ማስጠንቀቂያና የሥራ ስንብት ክፍያም ያዝዝለታል። የግል አገልግሎት ቅጥርን ግን ከወሰኑ ውጭ አድርጎ፣ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወሰናል ብሎ አልፎታል። አዲስ አበባ ውስጥ ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ በምሽት «ሻንጣሽን ያዢ» ብትባል አዋጁ አይደርስላትም። ለእሷ የሚያስፈልጋት ብዙ አይደለም፦ የተጻፈ ውል፣ ስትሰናበት የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ወይም ደመወዙ፣ ማደሪያ እስክታገኝ ድረስ በቤቱ የምትቆይባቸው ቀናት፣ የምትከስበት ቅርብ ቢሮ።