የስኳር ሕሙማን ስለ ጤንነታቸው ያላቸው ግምት

የስኳር ሕሙማን የጤና ግምት ማለት የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ስለ ጤንነቱና ስኳሩን ምን ያህል እንደተቆጣጠረ ያለው የራሱ አስተያየት ነው። አስተያየቱ ከላቦራቶሪ ውጤት ጋር ላይገጥም ይችላል። ሆኖም በየዕለቱ ምን እንደሚበላ፣ መድኃኒቱን እንደሚወስድ ወይም እንደሚተው የሚወስነው ሕመምተኛው ራሱ ስለሆነ፣ ግምቱ ለሕክምናው ትልቅ ቦታ አለው።

ስሜትና ልኬት

በባዶ ሆድ ተለክቶ ስኳሩ በዴሲሊትር 126 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ መሆኑ በድጋሚ ምርመራ የተረጋገጠ ሰው የስኳር በሽታ አለበት ይባላል። ኩላሊት ስኳርን ወደ ሽንት መልቀቅ የሚጀምረው ግን መጠኑ 180 አካባቢ ሲያልፍ ነው። ውሃ ጥምና ቶሎ ቶሎ መሽናት የሚመጡትም ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ለዓመታት ምንም ሳይሰማው ዓይኑ፣ ኩላሊቱና ነርቮቹ ሊጎዱ ይችላሉ። ነርቩ የተጎዳ እግር ቆስሎም አያምም፤ እዚህ ላይ ሕመም አለመሰማቱ ራሱ የበሽታው ምልክት ነው።

ሰውነት ከፍ ያለ ስኳርንም ይለምዳል። ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር በሕክምና ወደ ጤናማ መጠን ሲወርድ ላብ፣ መንቀጥቀጥና ረሃብ ሊሰማ ይችላል፤ «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ብሎ የሚያቆምም አለ። በተቃራኒው ስኳሩ በተደጋጋሚ ከ70 በታች የሚወርድበት ሰው የማነስ ምልክቶቹ እየጠፉበት ይሄዳሉ፤ ሳያውቀውም ራሱን ሊስት ይችላል። ስኳሩ ለጥቂት ሳምንታት እንዳይወርድ ከተደረገ ምልክቶቹ ሊመለሱ ይችላሉ።

ከቀጠሮ በፊት ለጥቂት ቀናት ተጠንቅቆ የቆየ ሰው የጠዋት ልኬቱ ሊያምርለት ይችላል። ኤዋንሲ የተባለው ምርመራ ግን በቀይ የደም ሕዋስ ላይ የተጣበቀውን ስኳር ስለሚለካ ያለፉትን 2 እና 3 ወራት አማካይ ያሳያል። ለብዙ አዋቂዎች ግቡ ከ7 በመቶ በታች ነው። ከ1983 እስከ 1993 በአሜሪካና በካናዳ 1,441 የዓይነት 1 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት፣ ጥብቅ ቁጥጥር የዓይን፣ የኩላሊትና የነርቭ ጉዳትን በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ ጥቅም ግን ዕለት ተዕለት አይታወቅም፤ የመርፌው ሕመምና የስኳር ማነስ ግን ወዲያው ይታወቃሉ።

ስለ በሽታው ያለ እምነት

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሃዋርድ ሌቨንታል እንዳብራራው፣ ሰው ስለ ሕመሙ መንስኤ፣ ስለሚቆይበት ጊዜና ስለ መዳኑ የራሱን ማብራሪያ ይሠራል። ስኳር የሚመጣና የሚሄድ ነገር ነው ብሎ የሚያምን ሰው መድኃኒት የሚወስደው «ስኳሬ ከፍ አለ» ሲል ብቻ ነው። በኢትዮጵያ ጸበል ሲገቡ ኢንሱሊን የሚያቋርጡ አሉ። ዓይነት 1 ላለበት ሰው ይህ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሞት ሊያደርስ ይችላል፤ መርፌውን ሳያቋርጡ መጠመቅ ግን ይቻላል።

ጥሩ ውጤትም ሁልጊዜ ጥሩ ኑሮ ማለት አይደለም። ኤዋንሲው 6.5 የሆነ ሰው በምግብ ቁጥር፣ በመርፌና በነገ ስጋት የደከመ ሊሆን ይችላል። ይህን ሸክም ለማወቅ በ1995 የወጣ 20 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ በብዙ አገሮች ይሠራበታል።