ወርቁ ሲነጠር ጭሱን ማን ይተነፍሰዋል?



በዚህ ዓመት የብድር ማመልከቻዎችን መዝገብ ላይ ሳሰፍር «ለወርቅ ሥራ» የሚል ምክንያት ደጋግሞ አጋጠመኝ። አንዲት እህታችን ባለቤቷ ከወርቅ ሥፍራ የሚያመጣውን እቤታቸው፣ ቡና በሚፈላበት የከሰል ምድጃ ላይ እንደሚያነጥሩት በደስታ አጫወተችኝ። ሕፃን አዝላ ነበር። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ሕፃን ነው።

ወለጋ ወርቅን የሚያውቀው ከጥንት ጀምሮ ነው። ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ነቀምቴ ላይ የሚጎበኘው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞሮዳ) ለዳግማዊ ምኒልክ ከሚያስገቡት ግብር አንዱ ወርቅ ነበር። የቄለሙ ደጃዝማች ጆቴ ቱሉና የአሶሳው ሼህ ሆጀሌም እንዲሁ ወርቅ ይገብሩ ነበር። በወቄት እየተመዘነ አዲስ አበባ የሚገባው ያ ወርቅ ከወንዝ አሸዋ ታጥቦ የወጣ ነው። አሸዋው በእንጨት ገበታ ላይ በውኃ ይወዘወዛል፤ ቀላሉ ይፈሳል፣ ከባዱ ወርቅ ከታች ይቀራል። ሴቶችም ከአጣቢዎቹ መካከል ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ሥራው ወገብ ይቆርጣል፤ መርዝ ግን የለበትም።

ባዜቃ፣ ዛሬ ሜርኩሪ የምንለው እንደ ውኃ የሚፈሰው ብርማ ብረት፣ በሌላው ዓለም የቆየ ታሪክ አለው። ስፔናውያን እ.ኤ.አ. ከ1554 ጀምሮ ሜክሲኮ ውስጥ ብርን ከድንጋይ ለመለየት በብዛት ተጠቀሙበት። ባዜቃውን ለማግኘትም ፔሩ ውስጥ ሁዋንካቬሊካ በተባለው ማዕድን የአገሬውን ሰዎች በግዴታ አሠሩ። ብዙዎቹ እየተንቀጠቀጡና እየሳሉ ስላለቁ ሥፍራው «የሞት ማዕድን» ተባለ።

አሠራሩ ቀላል ስለሆነ ያታልላል። ባዜቃ የወርቁን ብናኝ ሰብስቦ ያጣብቀዋል። ድብልቁ እሳት ላይ ሲወጣ ባዜቃው ተንኖ ይሄዳል፤ ወርቁ ይቀራል። ትነቱ አይታይም፣ አይሸትም። ወደ ሳንባ ከገባው ውስጥ አብዛኛው ወደ ደም ያልፋል፤ ከዚያም አንጎልንና ኩላሊትን ይጎዳል። የእጅ መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መርሳት፣ ያለ ምክንያት መቆጣት፣ የድድ ማበጥ ምልክቶቹ ናቸው። ነፍሰ ጡር ከሆነች ትነቱ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ፅንሱ ይደርሳል።

መርዙ ልጅን እንዴት እንደሚያገኝ ዓለም በግልጽ የተማረው ከጃፓን ነው። ሚናማታ በምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ ቺሶ የተባለ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1968 ሜርኩሪ ያለበትን ፍሳሽ ወደ ባሕር ለቀቀ። ሜርኩሪው በዓሣ ውስጥ ተከማቸ፤ ሰዎች ዓሣውን በሉ። በሽታው በይፋ የተመዘገበው በ1956 ነው። እዚህ ግባ የሚባል ሕመም ያልታየባቸው እናቶች መራመድና መናገር የማይችሉ ልጆች ወለዱ። የእናቲቱን መርዝ ፅንሱ ወስዶላት ነበር። ወደ ወንዝ የሚደፋ ባዜቃም ውሎ አድሮ ወደዚያው ዓይነት መርዝ ይለወጣል። ዴዴሳና ዳቡስም ዓሣ አላቸው።

በከተማዋ ስም የተሰየመው የሚናማታ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 ጸድቆ በ2017 ሥራ ላይ ዋለ። ወርቅን የሚመለከተው ክፍሉ መቅረት አለባቸው ካላቸው አሠራሮች አንዱ ይህ ድብልቅ በመኖሪያ ሠፈር መቃጠሉ ነው። ከሁሉ በፊት ሊጠበቁ የሚገባቸው ብሎ የሚጠራውም ሕፃናትን፣ በመውለድ ዕድሜ ያሉ ሴቶችንና በተለይ ነፍሰ ጡሮችን ነው። ፊት ያቀላሉ የሚባሉ ሜርኩሪ ያለባቸው ክሬሞችና ሳሙናዎችም በዚሁ ስምምነት ታግደዋል፤ ኩላሊት ይጎዳሉና።

እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። መዝገባችን ወርቁ የተሸጠበትን ዋጋ ያሳያል፤ የኩላሊትና የልጅ ዋጋ የሚጻፍበት ዓምድ ግን የለውም። ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። ባዜቃ የነካ ወርቅ ቤት ውስጥና ደጃፍ ላይ አይነጠር። ለዚያ ያገለገለ ድስትና ብረት ምጣድ ወደ ወጥ ቤት አይመለስ። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ሥራው ካለበት ይራቁ። በወርቅ ሥራ የምትበደር እህታችንም ይህን ሳትሰማ ገንዘቡን እንዳትወስድ ለኮሚቴው ሐሳብ አቅርቤአለሁ።

አያቶቻችን በገበታና በውኃ የነገሥታቱን ግብር ሞልተዋል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ምክሩ ዛሬ ለእያንዳንዷ ቤት ይድረስ።