የነዋሪነት መሸኛ

የነዋሪነት መሸኛ በኢትዮጵያ ከተሞች አንድ ነዋሪ ከተመዘገበበት ወረዳ (ቀድሞ ቀበሌ) ሲለቅ ለሚገባበት ወረዳ የሚጻፍለት ደብዳቤ ነው። ነዋሪው መታወቂያውን ይመልሳል፤ ደብዳቤው ማንነቱንና ከነበረበት መዝገብ መውጣቱን ይገልጻል፤ ተቀባዩ ወረዳም በዚያ መነሻነት አዲስ ፋይል ይከፍትለታል። በአዲስ አበባ ሥራው የከተማ አስተዳደሩ የሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት ኤጀንሲ ነው።

መሸኛ የታሰበው ከወረዳ ወደ ወረዳ ለሚዛወር ሰው ነው። አገር ለቅቆ ለሚሄድ ሰው ግን ደብዳቤውን የሚቀበል ወረዳ በሪያድም ሆነ በዋሽንግተን የለም። በዚህ ምክንያት የብዙዎች ፋይል ባለቤቱ ከሄደ በኋላም በመደርደሪያ ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ፋይሉን ማን ማየት ይችላል የሚለው ጥያቄ የመረጃ ነፃነት ሕግ ጉዳይ ይሆናል።

አመጣጥ

የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዛግብት እንዲቋቋሙ ቢደነግግም የመዛግብቱን ሥራ መጀመር ለሌላ ጊዜ አቆይቶት ነበር። ክፍተቱን የሞላው ሳይታሰብ ቀበሌ ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን ሲያቋቁም፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች በማኅበራቱ እጅ ገቡ። ቤት የሚያከራይ አካል በየቤቱ ማን እንዳለ ማወቅ አለበትና ቀበሌው ቤተሰቡን በቅጽ መዘገበ፣ መታወቂያ ሰጠ። በደርግ ዘመን ከከተማ ከተማ ለመጓዝ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ስለነበር የቀበሌ ማኅተም ያለው ወረቀት የዕለት ኑሮ አካል ሆነ።

በ1995 አዲስ አበባ በ10 ክፍለ ከተሞች ስትዋቀር ልደታ አንዱ ሆነ። በኋላም ወረዳዎች የቀበሌዎችን ቦታ ወሰዱ፤ ሕዝቡ ግን ዛሬም «የቀበሌ መታወቂያ» ማለቱን አልተወም።

ፋይሉ በልደታ

የነዋሪነት ፋይል ዋጋ ጎልቶ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ ልደታ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የልደታ አሮጌ ሠፈሮች በመልሶ ማልማት ሲፈርሱ፣ በቀበሌ ቤት ይኖሩ የነበሩ ተከራዮች ቅድመ ክፍያውን ከፍለው ኮንዶሚኒየም መግዛት ወይም በሌላ ቦታ የቀበሌ ቤት መውሰድ እንዲመርጡ ይደረግ ነበር። ለዚህ ምርጫ የሚያበቃው በኪራይ ውሉና በቅጹ ላይ ስም መኖሩ ነው። ጠባብ ግቢ ውስጥ ደባል ሆኖ ዓመታት የኖረና ያልተመዘገበ ሰው በዚያ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ሠፈሩ ከፈረሰ በኋላ እዚያ መኖርን የሚያስረዳው ወረቀቱ ብቻ ስለሚሆን፣ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ራሱን ከመዝገብ ለማሰረዝ ቢያመነታ የሚገርም አይደለም። የሸማቾች ስኳርና ዘይት፣ የቤት ምዝገባና የኪራይ ውል ሁሉ በዚሁ ምዝገባ ላይ ይንጠለጠላሉ።

አገር መልቀቅ

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ መኖሪያውን የመምረጥና በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት፣ የመመለስም መብት እንዳለው ይደነግጋል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባንና የብሔራዊ መታወቂያን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደትን፣ ጋብቻን፣ ፍቺንና ሞትን ያስመዘግባል፤ ምዝገባውም በአገር አቀፍ ደረጃ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ተጀምሯል። አገር መልቀቅ ከእነዚህ ኩነቶች አንዱ አይደለም።

በሌሎች አገሮች ነገሩ ይለያል። በጀርመን ቤቱን ለቅቆ ከአገር የሚወጣ ነዋሪ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማስታወቅ ግዴታው ነው። በኔዘርላንድ ደግሞ በ12 ወር ውስጥ ከስምንት ወር በላይ ውጭ የሚቆይ ሰው ከማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ይወጣል። በኢትዮጵያ ለዚህ የሚቀርበው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ መጥፋት የደነገገው ነው፦ አንድ ሰው ለሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ የሚመለከተው ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ መጥፋቱ እንዲታወጅ መጠየቅ ይችላል። ይህ ግን በየሳምንቱ ለሚደውል ስደተኛ የሚሆን አይደለም።

የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል፤ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ማውጣት ይችላል። ዜግነቱ የተለወጠበት ቀንና የወረዳ ፋይሉ የሚዘጋበት ቀን ግን እምብዛም አይገናኙም።

ፋይሉን የማየት መብትና ክልከላዎቹ

ከዓመታት በኋላ ያላገባ ማስረጃ፣ የልደት ምስክር ወረቀት ወይም የውርስ ክርክር ሲመጣ ፋይሉ እንደገና ይፈለጋል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል የተያዘ መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የመገናኛ ብዙኃን ክፍሉ በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 ቢተካም መረጃ ስለማግኘት የሚናገረው ክፍል ጸንቷል። ጥያቄው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ይቀርባል፤ መልስ የሚሰጥበት መደበኛ ጊዜም 30 ቀን ነው።

አዋጁ የማይሰጡ መረጃዎችንም ይዘረዝራል። የመከላከያና የደኅንነት ጉዳይ፣ የካቢኔ ሰነድ፣ በምርመራ ላይ ያለ ወንጀል፣ የንግድ ምስጢርና የመንግሥት የኢኮኖሚ ጥቅም ከእነዚህ መካከል ናቸው። የነዋሪነት ፋይልን በቀጥታ የሚነካው የሦስተኛ ወገን የግል መረጃ ክልከላ ነው። ፋይሉ ፎቶግራፍ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የቤት ቁጥርና የቤተሰብ ዝርዝር ስለሚይዝ ለጎረቤት፣ ለተከራካሪ ወይም ለጋዜጠኛ እንዲሁ አይሰጥም። ለባለቤቱ ግን የራሱ ፋይል የሦስተኛ ወገን መረጃ አይደለም፤ ሕጉም ባለቤቱ ከፈቀደ ክልከላው እንዲነሳ ያደርጋል። እንግዲህ ፋይል ጠያቂ ሆና ወረዳ የምትቀርብ እህት በሕግ ፊት ሦስተኛ ወገን ናት፤ ልዩነቱን የሚፈጥረው በኤምባሲ ተፈርሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የተረጋገጠ ውክልና ነው። ውክልና ሳይሰጥ የሄደ ሰው ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ክልከላው ፍጹም አይደለም። መረጃውን መግለጽ ለሕዝብ የሚሰጠው ጥቅም ከሚያስከትለው ጉዳት ከበለጠ ሊሰጥ ይገባል። ለምሳሌ በአንድ ወረዳ ስንት የቀበሌ ቤት ለማን በምን መስፈርት እንደተላለፈ መጠየቅና የአንዲት ተከራይን ቅጽ መጠየቅ እኩል አይታዩም፤ የመጀመሪያው ስም ሳይነካ ሊመለስ ይችላል። የተከለከለ ጠያቂ ምክንያቱ በጽሑፍ ሊነገረው ይገባል። ቅሬታውን በመጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ያቀርባል፤ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል።

በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ለባለቤቱ የራሱን መረጃ የማየትና የማስታረም መብት ጨምሮለታል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው ባለ 12 አኃዙ የፋይዳ ቁጥር ደግሞ ማንነትን እንጂ ነዋሪነትን አያረጋግጥም፤ የወረዳ መዝገብና መሸኛም ከፋይዳ ጎን እንደቀጠሉ ናቸው።