መጃጀት

«አባባ እኮ ጃጅተዋል» ሲባል ነገሩ ያለቀለት ይመስላል። ሽማግሌው አንዱን ጥያቄ ሲደጋግሙ፣ የበኩር ልጃቸውን በታናሹ ስም ሲጠሩ፣ ቤተሰቡ ይህን ቃል ይናገርና ጉዳዩ እዚያው ይዘጋል። እኔን የሚያሳዝነኝም ይኸው መዘጋቱ ነው። «መጃጀት» እርጅናንና በሽታን አንድ ላይ ጠቅልሎ ይይዛል።

ዕድሜ ሲገፋ አእምሮ መዘግየቱ ያለ ነው። የሰው ስም አፍ ላይ ደርሶ ይጠፋና ቡና ሲጠጣ ይመጣል፤ የቃላት ሀብት ግን ብዙ ጊዜ አይነካም። የመርሳት በሽታ ሌላ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ቡና ያፈላች እናት ጀበናውን ከእሳት አውርዳ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ግራ ሲገባት፣ ይህን እርጅና ብሎ ማለፍ አይገባም። የመርሳት በሽታ ዋነኛው መንስኤ የሆነው አልዛይመር ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1906 ስለ በሽታው ካስረዱት ጀርመናዊ ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ነው። የያኔዋ ታካሚያቸው ሆስፒታል ስትገባ ገና የ51 ዓመት ሴት ነበረች፤ በምንም መለኪያ «ጃጀች» አትባልም።

ደግሞ ሌላም አለ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ ድብርት፣ አንዳንድ የእንቅልፍ መድኃኒት ሰውን ያዘነጋሉ፤ እነዚህ ታክመው ሊሻሻሉ ይችላሉ። ጆሯቸው የደከመ አዛውንትም ያልሰሙትን «ረሱ» ይባልባቸዋል። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ስትወስዷቸው የሚውጡትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።