በአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ የሜዳ ላይ ማዕድ፦ ለጎብኚዎችና ለአስጎብኚዎች የቀረበ መረጃ

በአማራ ክልል ምዕራብ ጎንደር ዞን፣ ቋራ ወረዳ የሚገኘው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1998 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን፣ 2,666 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። ከሱዳኑ የዲንደር ብሔራዊ ፓርክ ጋር ይዋሰናል። በ2008 ዓ.ም. በካሜራ የታገዘ ጥናት በፓርኩ አንበሶች መኖራቸውን ካረጋገጠ ወዲህ ስሙ በውጭ አገርም ይነሣል። ወደ ፓርኩ የሚጓዝ ጎብኚ ስንቁን፣ የመጠጥ ውኃውንና ማብሰያውን ይዞ መግባት ይኖርበታል።

የሳፋሪ ማስታወቂያዎች ዘወትር የሚያሳዩት ገጽታ ተመሳሳይ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ በግራር ሥር የተዘረጋ ገበታ። በመተማና በቋራ ቆላ ግን ሰዓቱም ዛፉም አይመከርም። ምክንያቱ ካላዛር ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከ3 ሚሊ ሜትር የማትበልጥ፣ ስትበርም ድምፅ የማታሰማ ናት። ቀን በመረሬ አፈር ስንጥቆችና በዛፍ ግንድ ውስጥ ተሸሽጋ ትውላለች፤ ከምሽት እስከ ንጋት ትነክሳለች። በሰሊጥና በማሽላ እርሻዎች ሜዳ ላይ የሚያድሩ የጉልበት ሠራተኞች ለበሽታው በእጅጉ የሚጋለጡትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ የዕለቱ ዋና ማዕድ ምሳ እንዲሆን፣ እራትም ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲጠናቀቅ ይመከራል። ከዚያ በኋላ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ መልበስ፣ የነፍሳት መከላከያ ቅባት መቀባት፣ በኬሚካል በተነከረና ቀዳዳው ደቃቅ በሆነ አጎበር ውስጥ መተኛት ያስፈልጋል። የበሽታው ምልክት ከወራት በኋላ ሊታይ ስለሚችል፣ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየበት ተጓዥ ወደ ቆላ ወርዶ እንደነበር ለሐኪሙ መንገር አለበት። ካላዛር ካልታከመ ይገድላል፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ግን ሕክምናው ይሰጣል።

የምግቡ ምርጫ የሙቀት ጉዳይ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያልፋል፤ ጠዋት የተሠራ የሥጋ ወጥ እስከ ምሳ ሊበላሽ ይችላል። ለዚህ የአገራችን የስንቅ ባህል ከማንኛውም የታሸገ ምግብ የተሻለ መልስ አለው፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ድርቆሽ። ድርቆሽ በጥቂት ዘይትና በርበሬ በአጭር ጊዜ ፍርፍር ሆኖ ይቀርባል። ለጥም ደግሞ ከርከዴ ተስማሚ ነው።

አስጎብኚ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ጉዳይ የአብሮ ተጓዦችን ገበታ ነው። ሾፌሩ ክርስቲያን፣ ስካውቱ ሙስሊም ሊሆን ይችላል፤ አንዱ በሌላው እምነት የታረደ ሥጋ አይበላም። ለጉዞ የሚመቹት ደረቅ ወራትም ከዐቢይ ጾም ጋር ይገናኛሉ፤ የረመዳን ጾም የሚገጥምባቸው ዓመታትም አሉ። ሽሮና ምስር የተያዘ እንደሆነ ሁሉም ከአንድ ትሪ መቋደስ ይችላል።

በበጋ አብዛኞቹ ወንዞች ወደ ኩሬነት ስለሚለወጡ እንስሳቱ ለመጠጣት በእነዚያ ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ ማዕድ ከውኃው ርቆ ይዘርጋ። አጥንትና ትራፊ ጅብና ዝንጀሮ ስለሚስብ ተሰብስቦ ከፓርኩ ይውጣ። ሣሩ በደረቀበት ወቅት አንዲት ፍም ሰደድ እሳት ታስነሣለች፤ እሳት የሚነድደው ስካውቱ በፈቀደው፣ ሣሩ በተመነጠረ ቦታ ብቻ ሲሆን፣ ከመነሣት በፊት አመዱ በእጅ ሲነካ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ውኃ ሊፈስበት ይገባል።