በየወሩ እኩል መክፈል እንዴት ቤት አዳነ?

እስቲ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ቤት አስይዛችሁ ተበደራችሁ እንበል። ብዙ ጊዜ ብድሩ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው፤ ወለዱን ብቻ ትከፍላላችሁ፣ ዋናው ገንዘብ እንዳለ ይቆያል። ቀኑ ሲደርስ በሌላ ብድር ትዘጉታላችሁ። ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ሲመጣ ግን አበዳሪ ጠፋ፤ ወለዱን ሳያጓድል የከፈለ ሰው እንኳ ቤቱ ለሐራጅ ወጣበት።

በ1933 የተቋቋመው የመንግሥት የቤት ባለቤቶች ብድር ኮርፖሬሽን ወደ 1 ሚሊዮን ብድሮችን ተረክቦ በ15 ዓመት፣ በ5 በመቶ ወለድ፣ በየወሩ እንዲከፈሉ አደረገ። ሒሳቡን እንየው፦ ለ3,000 ዶላር በየወሩ 23.72 ዶላር ትከፍላላችሁ። በመጀመሪያው ወር 12.50 ዶላሩ ወለድ ነው፤ 11.22ቱ ከዋናው ይቀነሳል። ዋናው ሲያንስ ወለዱም ያንሳል፤ በ180ኛው ወር ዕዳው ያልቃል።

እናንተም የብድር ውል ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፦ የመጨረሻውን ወር ስከፍል የሚቀር ዕዳ አለ ወይ?